ጠዋት ጠዋት እጁን ለሚነጥቀው ልጅ

«የ16 ዓመት ወንድሜ ጠዋት ሲነሳ እጁን ድንገት ይነጥቀዋል፣ የያዘውን ይጥላል። ቤተሰብ ቡዳ ነው ይላል። ከዚህ ጋር የሚኖር አለ? ዕድሜ ልክ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ እኔ አለሁልሽ። የድሬ ልጅ ነኝ።

ማዮክሎነስ ይባላል፤ ጡንቻ ሳናዘው ንጥቅ ሲል ነው። ስቅታም፣ እንቅልፍ ሊወስደን ሲል የሚያስበረግገንም ከዚሁ ወገን ናቸውና ሁሉም በሽታ አይደለም። የኩላሊት ሕመምና አንዳንድ መድኃኒትም ያመጡታል። የእኔ ግን ጁቬናይል ማዮክሎኒክ ኤፒለፕሲ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና የሚጀምር የሚጥል በሽታ ዓይነት። የወንድምሽን ሐኪም ይየው፤ እኔ የራሴን ልንገርሽ።

እኔን የሚነጥቀኝ ከአልጋ እንደወረድኩ ነው። ራሴን አልስትም፣ ሁሉን እሰማለሁ። ሻይ ልጠጣ ብርጭቆ ሳነሳ ክንዴ ብድግ ይላል፣ ሻዩ ግድግዳ ላይ። ማበጠሪያዬ ከእጄ ተስፈንጥሮ አልጋ ሥር ይገባል። እናቴ «ምን ያስደነብርሻል?» ትለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ዋናው መጣና ወደቅኩ። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። (አቦ፣ ክብሪቱን ተዉት! በጎን አስተኙ፣ አፍ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ሩጡ።)

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም የጠየቀኝ ስለ መውደቄ ብቻ ነበር። ካርባማዜፒን ታዘዘልኝ። ለሌላ ዓይነት የሚጥል በሽታ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የእኔን ዓይነት ግን ሊያባብሰው ይችላል፣ አባባሰብኝም። በኋላ ያየኝ የነርቭ ሐኪም ገና ከመቀመጤ «ጠዋት ዕቃ ይወድቅብሻል?» አለኝ። ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሳሁ፣ መድኃኒቱም ተቀየረ። ስለዚህ ወንድምሽን ሲነጥቀው በስልክሽ ቅረጪው። ሐኪሙ ፊት ላይነጥቀው ይችላላ።

ሶዲየም ቫልፕሮዬት ለዚህ ሕመም በደንብ ይሠራል። ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ ግን ለእኔ ሌቬቲራሴታም ተመረጠልኝ። ይዞልኛል፤ ትንሽ ነጭናጫ ያደርጋል እንጂ። ባሌን ጠይቁት።

ቡዳውን በተመለከተ፣ እኛም ቁልቢ ሄደን ተስለናል፤ እምነቴ ነው። መድኃኒቱን ግን አላቋርጥም። በድንገት ማቆም ከባድ መውደቅ ያመጣል። ብዙዎቻችን ለረጅም ዓመታት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ እንወስደዋለን። ከለመድሽው እንደ ቁርስ ነው።

ከመድኃኒቱ እኩል የማየው እንቅልፍን ነው። በድሬ ሙቀት መተኛት ራሱ ሥራ ነው፤ ግን ሌሊት ካጣሁት ጠዋት እጄ ይነግረኛል። አሁን ወደ ወንድምሽ ልመለስ። የእኛ አገር ልጅ ፈተና ሲደርስ ጫት ይዞ ነው የሚያነጋው። ጥናቱን ቀን ያድርገው፣ ሌሊት ይተኛ፤ መጠጥም ይቅርበት። «ባጃጅ ልያዝ» ካለም ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ቁልፉን እንዳትሰጡት።