2 ካፕ መኮሮኒ ስንት ግራም ነው? የማዕድ ቤት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ለልጄ ልደት መኮሮኒ በፉርኖ ልሠራ አስቤ ስልኬ ላይ አሠራሩን ስፈልግ አንዱ 8 አውንስ ይላል፣ ሌላው 2 ካፕ፣ ሌላዋ ደግሞ 4 ካፕ። የቱን ልመን? ቤቴ ሚዛን የለም።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለልጅሽ ልደት አደረሰሽ። ሦስቱም ልክ ናቸው። 8 አውንስ ማለት 227 ግራም አካባቢ ነው፣ ከባለ 500 ግራሙ እሽግ ግማሹ ትንሽ ጎደል ሲል። ያው መኮሮኒ፣ ትንሿ ቆልማማዋ፣ በደረቁ ሲሰፈር 2 ካፕ ይሆናል፤ ተቀቅሎ ውሃው ሲጠል ደግሞ 4 ካፕ ይሞላል። ችግሩ ብዙዎቹ ጥሬውን ይሁን የበሰለውን ሳይናገሩ ማለፋቸው ነው። «የተቀቀለ» የሚል ከሌለ ደረቁን ስፈሪ።

ስልክሽ ላይ ያየሻቸው አሠራሮች የሚሉት ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። የአንቺ ኩባያ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልተሽ ገልብጪበት፦ ሁለቴ ሞልቶ ጥቂት ከተረፈ ኩባያሽ ያው ነው። የሻይ ብርጭቆውን ተይው፣ ትንሽ ነው።

ውሃ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፣ 240 ሚሊ ሊትሩ 240 ግራም ይመዝናል። መኮሮኒ ግን ውስጡም ባዶ፣ መሃል ለመሃሉም አየር ስለሆነ አንድ ካፑ ከ105 እስከ 120 ግራም ቢሆን ነው። ቅርጹ ሲቀየር ደግሞ ሂሳቡም ይቀየራል። ሰፋፊው የእንቁላል ኑድል በ227 ግራም ብቻ በደረቁ 4 ካፕ ገደማ ይሞላል፣ ሲበስልም ከዚያ ብዙም አይጨምር። ስለዚህ የኑድሉን ልክ ለመኮሮኒ ከወሰድሽ እጥፍ ሠርተሽ ጎረቤት ልትጠሪ ነው!

እኔ የምመክርሽ እሽጉን ራሱን እንደ ሚዛን እንድትጠቀሚበት ነው። 500 ግራም ተብሎ የተጻፈበትን ክፈቺና በራስሽ ኩባያ ሳትጠቀጥቂ፣ ሳትከምሪ ስፈሪው። አራት ተኩል አካባቢ ከወጣ አንዱ ኩባያ 110 ግራም ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ዕቃው ላይ በእስኪሪብቶ ጻፊው፣ ሌላ ጊዜ ከሱቅ በኪሎ ተመዝኖ በፌስታል ስትገዢም ይሠራልሻል። ለልደቱ ለአንድ አዋቂ 80 ግራም ደረቅ በቂ ነው፤ ልጆቹ ኬክና ፈንዲሻ ጠግበው ስለሚመጡ ግማሹን አስቢላቸው።

ጥያቄ፦ እኔም አዳማ ነኝ፣ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ነው የምኖረው። ፓስታ በቀቀልኩ ቁጥር ይተርፈኛል። ደግሞ እሽጉ 8 ደቂቃ ይላል፣ በ8 ደቂቃ ግን ገና ጥሬ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ረጅሙን ፓስታ በኩባያ ለመስፈር አትድከም፣ አይሆንም። 500 ግራሙን ጠረጴዛ ላይ አፍስሰህ እኩል ለሁለት ክፈል፣ እያንዳንዱን ደግሞ ለሁለት። አንዱ እፍኝ 125 ግራም ነው፣ ስጎው ደህና ከሆነ ለአንድ የራበው ሰው ይበቃል። ደረቁን ስታየው ያንስብሃል፣ የሚያታልልህ እሱ ነው። ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ሙሉ እሽጉን ብትቀቅል ከ1 ኪሎ በላይ ፓስታ ነው የሚጠብቅህ።

የደቂቃው ነገር ያንተ ጥፋት አይደለም። አዳማ ሙቀቷን አይተን ቆላ ናት እንላለን እንጂ ከባህር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃም እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 95 አካባቢ ላይ ይፈላል። እሳቱን ብትጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅልህም። ከተጻፈው ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምርና አንዷን መዘህ ቅመሳት።