ቀረጡ ከተነሣ የእኔ ቡና ለምን ከባሕር ዳር አያልፍም?

ጥያቄ፦ በዘጌ ከአባቴ የወረስሁት አነስተኛ የቡና ማሳ አለኝ። በየዓመቱ ጀንፈሉን (ከነገለባው የደረቀውን ቡና) በጀልባ ባሕር ዳር አምጥቼ ለነጋዴ እሸጣለሁ። የድሀ አገሮች ምርት አውሮፓ ያለ ቀረጥ እንደሚገባ፣ የአፍሪካም ገበያ እንደተከፈተ በሬዲዮ እሰማለሁ። ታዲያ እኔ ለምን አልተጠቀምሁም? ቆልቼ ብልክስ አይሻለኝም?
አንባቢያችሁ፣ ከዘጌ

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ የሚገኙ አገሮች ከጦር መሣሪያና ከጥይት በቀር ምርታቸውን ሁሉ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲያስገቡ ፈቅዷል። ነገር ግን ጥሬ ቡና ከየትም ቢመጣ ቀረጥ ስለማይከፈልበት፣ ዕድሉ ለእርስዎ ጀንፈል የጨመረው ነገር የለም። ጥቅሙ የሚታየው ልዩ ስምምነት የሌላቸው አገሮች 7.5 በመቶ በሚከፍሉበት በተቆላው ቡና ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተቆላ በኋላ መዓዛው ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ጥሩ ማሸጊያና አስቀድሞ የታወቀ ገዢ ሳይኖር ለአንድ ገበሬ አይመከርም።

ዛሬ ዋናው እንቅፋት ማስረጃ ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ አስመጪውም የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲያሳይ ያስገድዳል። በዚህ ረገድ ዘጌ የሚኮራበት ነገር አለው፤ ገዳማቱ ባቆዩት ወግ መሬቱ በበሬ ሳይታረስ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላልና። ሆኖም ያልተመዘገበ ደን ለገዢው እንደሌለ ይቆጠራል። ደንቡን ያወጣው ወገን የምዝገባውን ወጪ ሊጋራ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ጫናው በአነስተኛ ገበሬ ላይ ብቻ ከወደቀ ትብብር ሊባል አይችልም።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በኪጋሊ ተፈርሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በሥራ ላይ ውሏል። ቀረጡ ግን በአንድ ጊዜ አይነሣም፤ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች 90 በመቶ በሚሆኑት የዕቃ ዓይነቶች ላይ በብዙ ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ያነሣሉ። ለእናንተ የሚቀርበው የውጭ ገበያ በመተማ በኩል ያለው ሱዳን ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 እዚያ የተቀሰቀሰው ጦርነት ግን ከማንኛውም ቀረጥ የበለጠ መንገዱን አክብዶታል።

ብቻዎን ከመልፋት ይልቅ በኅብረት ሥራ ማኅበር ይታቀፉ፤ የማኅበራቱ ጥምረት የሆኑት ዩኒየኖች ቡናን በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ይችላሉ። የቀላውን እሸት ብቻ ለቅመው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ያድርቁ። ማሳዎ ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል፤ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ነጥቡ መመዝገቡን፣ መዝገቡም በማን እጅ እንዳለ ይጠይቁ።