«ባለቤትዎም መሪውን ይይዙ ነበር?»

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። ከእጮኛዋ ጋር ትንሽ የሸራ ጀልባ ሊገዙ ነው። ሥራቸውን ለጥቂት ወራት አቁመው በግሪክና በቱርክ መካከል ያለውን የኤጅያን ባሕር ደሴት በደሴት ሊዞሩት አስበዋል። ስለ ጀልባው ርዝመት፣ ስለ መልህቁ ክብደት፣ ስለ ሶላሩ ብዙ ጠይቃለች። ለዚያ ሁሉ በአንድ ምሽት መለስኩላት። መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ። «ባለቤትዎም መሪውን ይይዙ ነበር?»

እኔ 30 ዓመት በንግድ መርከብ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ከባለቤቴ ጋር 10 ሜትር የምትሆን የሸራ ጀልባ ገዛን። መርከብ ላይ አዛዥ አንድ ነው። ያንን ልማዴን ይዤ ወደ ጀልባችን ገባሁ። ገመዱም እኔ፣ ሸራውም እኔ፣ መሪውም እኔ። እኔ ስደክም መሪውን በራሱ የሚጠብቀው መሣሪያ፣ አውቶፓይለቱ፣ ይይዛል። እሷን «አንቺ ተዝናኚ» እላት ነበር። ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ኪትኖስ በምትባለው የግሪክ ደሴት ላይ ኮሎና የሚሉት ቦታ አለ። ቀጭን የአሸዋ መሬት ደሴቷን ከሌላ ትንሽ ደሴት ጋር ያገናኛታል፤ ግራና ቀኙ ባሕር ነው። እዚያ መልህቅ ጥለን ሁለት ሌሊት አደርን። ማታ ማታ ነፋሱ ከተራራው የጦስኝ ሽታ ይዞ ይወርድ ነበር። ከዚያ ጉዞ ባለቤቴ እስከ ዛሬ በደስታ የምታነሳው ያንን ሽታ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ኤጅያን ላይ ጥርት ያለ ሰማይ ማስተማመኛ አይሆንም። በሐምሌና በነሐሴ ሜልተሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ከባልካን በኩል ከፍተኛ የአየር ግፊት፣ ቱርክ ላይ ደግሞ ዝቅተኛ ግፊት ሲኖር ይነሳል። አንዲት ደመና ሳያሳይ 30 ኖት ይገባል፤ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከተነሳ ደግሞ ለቀናት ላያባራ ይችላል።

ባለቤቴ ኩባያዋን ይዛ ዙሪያውን ስታይ ቆየች። «ማንም የሚወጣ የለም እኮ። ሁሉም የመልህቁን ሰንሰለት እየጨመረ ነው። እንቆይ» አለችኝ። እኔ ግን ቀጠሮ ነበረኝ። በማግስቱ ጓደኞቻችን በመርከብ ሲሮስ ደሴት፣ ኤርሙፖሊ ይገቡ ነበር። ተነሳን።

ከመንገዱ ሲሶውን እንደሄድን ነፋሱ ከግራችን መጣ። ሸራውን ቀድሜ ማሳነስ ነበረብኝ፤ ዘገየሁ። ማዕበሉ ሲያይል አውቶፓይለቱ መያዝ አቃተው። ነቅዬው መሪውን ለባለቤቴ ሰጠኋትና ወደ ምሰሶው ሄድኩ። የጀልባችን መሪ እንደ መኪና ክብ አይደለም፤ ረጅም እንጨት ነው። ወደ ቀኝ ሲገፉት ጀልባዋ ወደ ግራ ትዞራለች። «ወደ ነፋሱ አዙሪያት!» ብዬ ጮኽኩ። ነፋሱ በግራ ስለሆነ እንጨቱን ወደ ግራ ገፋችው። ከእሷ ሌላ ማንም ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚያደርገው።

ጀልባዋ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጠች። ሸራውን የያዘው ከባድ አግዳሚ ከቀኝ ወደ ግራ ተወረወረ። በባለቤቴ ራስ ላይ ያለፈው በአንድ ስንዝር ነው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔን ከምሰሶው ጋር አጋጨኝና የእጄ አንጓ ተሰበረ። ያኔ ከአፌ የወጣው «ደህና ነሽ?» አልነበረም። «ተዪው! አትንኪው!» ነው ያልኳት።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ «ያዢው» ማለት ግድ ሆነብኝ። ሌላ ሰው አልነበረማ። ዋናውን ሸራ በአንድ እጄ አወረድኩት። በፊተኛው ሸራና በሞተር ቀጠልን። ሦስት ሰዓት ያህል እሷ ያዘች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «ግፊው፣ ሳቢው» እላለሁ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ምንም ማለት አላስፈለገኝም። ሲሮስ ደቡብ ምዕራብ ላይ ፊኒካስ የሚባል ወሽመጥ አለ፤ ከሰሜን ነፋስ ይከልላል። እዚያ አስገባችን። የማናውቃቸው ሰዎች ገመዳችንን ተቀበሉን።

እጄ ታሽጎ ከተመለስን በኋላ ማታ እንዲህ አለችኝ። «ሁለት ዓመት አብሬህ ዞርኩ። ይህ እንጨት ወዴት እንደሚገፋ አንድ ቀን አላሳየኸኝም።» መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ የጠየቅኳት ከወራት በኋላ ነው።

ግሪክ ውስጥ ጀልባ ያለ ካፒቴን የሚከራይ ሰው የራሱ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም፤ ልምድ ያለው ሁለተኛ ሰው መኖር አለበት። የእኔ ግን የራሴ ጀልባ ነበረች። ሁለተኛ ሰው አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ስለ ሕይወት አድን ጃኬትና ስለ አደጋ ጥሪው ሬዲዮ ቻናል 16 አልደግምላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ቀጠሮ አትያዙ። ቀን ለሰው ከሰጣችሁ ቦታ አትስጡ፤ ቦታ ከሰጣችሁ ቀን አትስጡ። ደግሞ የዛሬ ወጣቶች የምትለቋቸውን ቪዲዮዎች አያለሁ። ሁልጊዜ አንዱ ይነዳል፣ ሌላዋ ትቀርጻለች። ስልኩን ተቀያየሩ እባካችሁ። ይህን ስል ግን በእኛ ጊዜ የዚህችን ልጅ ጥያቄ የሚጠይቅ አልነበረም፤ በዚህ ትበልጡናላችሁ።

ባለቤቴን አለማስተማሬ ይጸጽተኛል። ሆኖም እኔ ባስተምራት ኖሮ ጥሩ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም። በቀጣዩ ዓመት ከሌላ አስተማሪ ጋር አምስት ቀን ሠለጠነች። እኔ በዓመት የማልሰጣትን ነው ይዛ የመጣችው። ከዚያ ወዲህ መልህቅ የት እንደሚጣል የምትወስነው እሷ ሆነች። ናክሶስ ደሴት ላይ፣ እኔ ጥሩ ነው ካልኩት ቦታ አስነስታን የሄድንበት ሌሊት ነበር። ሌሊቱን እዚያ የቀሩት ጀልባዎች መልህቃቸው ተጎትቶ ሲንከራተቱ አደሩ።

የልጅቷን ጥያቄ ትናንት ለባለቤቴ አነበብኩላት። የዚያን ቀኑን ነገር ታነሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አግዳሚውን፣ ጩኸቴን።

«መሪውን አይደለም የማስታውሰው» አለችኝ። «ጠዋት እንቆይ ስልህ ካርታውን እያጠፍክ ነበር። ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

እኔ ያንን ጠዋት ሳስብ የሚታየኝ ሰማዩ ብቻ ነበር።