ሲያድር የሚደርቅ ኩኪስ፣ ውሃ የሚያበዛ ማንጎ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የደረሱን ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ፍራፍሬ ያለበት፣ ጠርዙ ጠንከር ብሎ መሐሉ ሲታኘክ ሳብ የሚል ኩኪስ። መልሳችን ሁሉ ወደ ውሃ ይመለሳል። ኩኪሱን የሚያለሰልሰው ሊጡ ውስጥ የቀረው ውሃ ነው፤ የሚያበላሸውም እሱው ነው።

ጥያቄ፦ ዘቢብ ያለበት ኩኪስ ከኢንተርኔት ባገኘሁት አሠራር እጋግራለሁ። ከኦቨን ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ ሲያድር ግን እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ልጆቼ ሻይ ውስጥ ካልነከሩት አይበሉትም። ምን አጥፍቼ ነው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ያጠፉት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም። ኩኪስ ከኦቨን ከወጣም በኋላ በትሪው ግለት መብሰሉን ይቀጥላል። ጠርዙ ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ መሐሉ ግን ገና ፈዘዝ ያለ ነጭ ሆኖ በጣት ሲነኩት የሚሰረጉድ ሳለ ያውጡት። «ይሄ እኮ አልበሰለም» የሚያሰኘው ደቂቃ ትክክለኛው ነው። ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ይረፍ፤ ከዚያ በፊት ካነሱት ይበጣጠሳል።

ሌላው ምክንያት ከተማዋ ያለችበት ከፍታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከሊጡም ቶሎ ይተናል። አብዛኛው የኢንተርኔት አሠራር የሚጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ፣ እዚህ ሲጋግሩ ቤኪንግ ሶዳውን በሩብ ይቀንሱ፤ ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ያህል ጨምረው ጊዜውን ያሳጥሩ።

ለዚህ ከፍታ የሚሆነው ልክ እንዲህ ነው። የገበታ ቅቤ 115 ግራም፣ ስኳር 150 ግራም፣ ማር አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ሙሉ እንቁላልና የአንድ እንቁላል አስኳል፣ የፉርኖ ዱቄት 200 ግራም፣ ቤኪንግ ሶዳ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ዘቢብ 120 ግራም። ዱቄቱን በሚዛን ይለኩ፤ በሲኒ ከዛቁት ተጠቅጥቆ ይበዛል፣ ኩኪሱም ይደርቃል። ማሩ ቡናማ ስኳር ባይገኝም ሥራውን ይሠራል፦ እርጥበትን ይዞ ያቆያል። ነገር ግን ከሁለት ማንኪያ ካለፈ ታቹ ቶሎ ያርራል። ተጨማሪውን አስኳል ያለ ነጩ ያልነው ነጩ ስለሚያደርቅ ነው።

የእኛ ገበያ ስኳር ብዙ ጊዜ ጠጠር ያለ ነው፤ በብሌንደር ጥቂት ሰኮንድ ያድቅቁት፣ አለዚያ ሳይሟሟ ቀርቶ ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ዘቢቡን 15 ደቂቃ በትኩስ ሻይ ዘፍዝፈው፣ አጥልለው በጨርቅ ያድርቁት። ደረቁን ከጨመሩት ከሊጡ ውሃ ይመጥጣል። የለሰለሰውን ቅቤ ከስኳሩና ከማሩ ጋር እስኪዋሃድ ብቻ ይምቱ፤ ብዙ ከተመታ አየር ገብቶ ኬክ ኬክ ይላል። እንቁላሉን ያስከትሉ፤ ከዚያ ዱቄቱን ከሶዳውና ከጨው ጋር ነፍተው ይጨምሩ። ነጭ ዱቄት መታየቱ እንዳቆመ ማማሰሉን ያቁሙ። ዘቢቡን ቀላቅለው ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያቆዩት፤ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ይህን አይዝለሉ፣ ቅቤው ከቀለጠ ኩኪሱ ትሪው ላይ ተንጣሎ እንደ ቂጣ ይሳሳል። የትንሽ ሎሚ ያህል እያድቦለቦሉ በ190 ዲግሪ ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ይጋግሩ። 18 ወይም 19 ይወጣል።

ጥያቄ፦ በንጥር ቅቤ ብሠራውስ? (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ለወጥ ይቆይ። ቅመም የሌለው ከሆነ ይሆናል፤ ሲነጠር ግን ውሃው ስለወጣ ለ115 ግራሙ ምትክ 95 ግራም ንጥርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ ማንጎ አለ። ከትፌ ሊጡ ላይ ጨመርኩና ኩኪሱ ፈሰሰ፣ መሐሉም ሊጥ ሆኖ ቀረ። ዘይቱንም (ጓቫ) ሞክሬ ነበር፣ ፍሬው አስቸገረኝ። (ከዘጌ)

መልስ፦ የበሰለ ማንጎ ከ100 ግራሙ 80 ግራም በላይ ውሃ ነው። 120 ግራም ጥሬ ማንጎ ጨመሩ ማለት 100 ግራም ያህል ውሃ ሊጡ ላይ አፈሰሱ ማለት ነው። መጀመሪያ መድረቅ አለበት፤ የጓሮ ማንጎ ካለ ደግሞ ከተገዛ ዘቢብ የሚበልጥ ኩኪስ ይወጣል፣ ስለዚህ ድካሙን አይጥሉት።

በስሎ ገና ያልላላውን ይምረጡ። የአገሩ ማንጎ ቃጫ ስለሚበዛበት ፍሬው አጠገብ ያለውን ትተው ጉንጭና ጉንጩን ብቻ ይውሰዱ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት በእኩል ይከተፍ፤ አንዱ ሳስቶ ሌላው ከወፈረ አንዱ ሲያርር ሌላው ይሻግታል። እንዳይጠቁር ሎሚ ያርከፍክፉበት። ኦቨኑን 65 ዲግሪ ላይ አድርገው በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ ያድርጉት፣ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል፤ በመሐል አንዴ ይገልብጡት። በበጋ ፀሐይም ይቻላል፣ ሁለት ሦስት ቀን፣ ለዝንብና ለንብ ስስ መረብ አልብሰው፣ ማታ ማታ ወደ ቤት እያስገቡ። በክረምት ግን ውጭ አይሞክሩት፤ ሳይደርቅ ይሻግታል።

መድረሱን በእጅ ይወቁ፦ አንዱን ቁራጭ አጥፈው ሲጫኑት ጭማቂ ሳይወጣው፣ ሳይሰበርም እንደ ቆዳ ከታጠፈ ደርሷል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አልፎበታል፤ እንደ ዘቢቡ ይዘፍዝፉት። ከተላጠና ፍሬው ከወጣለት 1 ኪሎ ማንጎ 200 ግራም ገደማ ይገኛል። የጥፍር ያህል ከትፈው በዘቢቡ ምትክ ያድርጉት።

ዘይቱኑን ማድረቅ አያዋጣም። ቆራርጠው በጥቂት ውሃ ይቀቅሉት፣ በወንፊት አሽተው ፍሬውን ያስቀሩ፣ የቀረውን በትንሽ እሳት እያማሰሉ ያትንኑት። ማንኪያው የድስቱን ታች ሲጠርገው መንገዱ ሳይገጠም ከቆየ በቂ ነው። ሲቀዘቅዝ ሊጡን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርገው አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ይሙሉበት።

ጥያቄ፦ ኦቨን የለኝም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አለኝ። (ከባሕር ዳር፣ ጣና ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ምጣድ ከታች ብቻ ስለሚግል ሊጡን በቀጥታ ካስቀመጡበት ታቹ ከስሎ ላዩ ጥሬ ይሆናል። ሦስት ንጹሕ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ምጣዱ ላይ አድርገው ትሪውን በነሱ ላይ ያሳርፉ። መጀመሪያ ባዶውን አክንባሎ ከድነው 15 ደቂቃ ያግሉት፤ ሊጡን ካስገቡ በኋላ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በየደቂቃው አይክፈቱት፣ የላዩን የሚያበስለው አክንባሎው ሥር የታፈነው ሙቀት ነው። በከሰል ከሆነ የድፎ ዳቦ ዘዴ ይሻላል፦ ከታች ጥቂት፣ ከላይ በርከት ያለ ፍም።

ጥያቄ፦ ለጾምስ? በሙዝ ሠርቼው ዳቦ ሆነብኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሙዝ ያሳብጠዋል፤ ተልባ ይሞክሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላ የተልባ ዱቄት በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ሲያቆዩት ይዝለገለጋል፤ እሱ ለእንቁላሎቹ ምትክ ነው። ለ115 ግራሙ ቅቤ 90 ሚሊ ሊትር ዘይትና አንድ ተኩል ማንኪያ ውሃ ያድርጉ። ዘይት ስለማይረጋ ሊጡ ይላላል፣ ዱቄቱን በ20 ግራም ይጨምሩ። ማርጋሪን ከገዙ ማሸጊያው ላይ ወተት መኖር አለመኖሩን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይቆያል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ በሚገጥም ቆርቆሮ ከ4 እስከ 5 ቀን። ትኩሱን ከከደኑት ላብ አውጥቶ ይሻግታል። የደረቀ ካለ ቁራጭ ዳቦ አብረው ይክደኑበት፤ በማግስቱ ዳቦው ደርቆ ኩኪሱ ለስልሶ ያገኙታል። ያልተጋገረው ሊጥ ድቡልቡል እንደሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቆያል፤ ሳይቀልጥ ወደ ኦቨን፣ ሁለት ደቂቃ ጨምረው።