ከማንሳታችሁ በፊት

ይድረስ አርኪዮሎጂ ለመማር ላሰባችሁ፣ ጀምራችሁም ለምታመነቱ ልጆቼ፤

ዓለም ገና፣ እኔ ሰፈር ያሉ ተማሪዎች ሁለት ጥያቄ ያበዙብኛል። አንዱ «ጋሼ፣ ይሄ ሙያ ያበላል ወይ?» ነው። ሌላው ስለ ሶማሊያው ጦርነት ነው።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልመልስ። ያበላል፤ ግን አያጠግብም። የመንግሥት ደመወዝ ነው። መስክ ስትወጡ አበል አለች፤ እሷም አንዳንዴ ሥራው ካለቀ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የምትደርሰው። ቪ8 የሚያምራችሁ ሌላ መንገድ ፈልጉ። የምሬን ነው።

ጦርነቱን በተመለከተ፤ የሶማሊያ ጦር በ1969 ክረምት ኦጋዴንን ሲወር የእኔ እድሜ ልጅ ብዙው ታጠቅ ጦር ሰፈር ነበር። ታጠቅ ያኔ ከከተማ የወጣ ሜዳ ነው። ጥቂት ወር ሠለጠንንና ወደ ምሥራቅ ግንባር ተላክን። ጅጅጋ በ1970 መባቻ ተይዛ የካቲት 26 ቀን ተመለሰች። በየዓመቱ የካራማራ በዓል ሲደርስ ጀግና ትሉናላችሁ፤ እናመሰግናለን። እኔ ግን ከዚያ ይዤ የተመለስኩት ሌላ ነገር ነው። ካርታ ማንበብ፣ በአንድ ኮዳ ውሃ መዋል፣ ሳላይ እግሬን አለማሳረፍ። ፈንጂ ባለበት መሬት የሄደ ሰው አፈር ማየት ይለምዳል። የተነካ አፈርና ያልተነካ አፈር አንድ አይደሉም። ቀለማቸው ይለያል፣ ጥብቀታቸውም ይለያል።

ከዓመታት በኋላ ተማሪ ሆኜ ቁፋሮ ላይ ስንቆም መምህራችን መሬቱ ላይ የጠቆረች ክብ አሳየን። ስፋቷ ከጀበና ቂጥ ብዙም አትበልጥም። «ምንድን ናት?» አለን። «ተቆፍሮ ተመልሶ የተሞላ ነው» አልኩት። የምሰሶ ጉድጓድ ነበር። እንጨቱ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ ቦታው ግን ከዙሪያው የላላ፣ የጠቆረ አፈር ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነት ክቦች ተራ ይዘው ሲገኙ የቤት ቅርጽ ይወጣቸዋል። አንድም ዕቃ ሳይነሳ ቤት ይገኛል ማለት ነው።

ስለ ጦርነቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አብረውኝ ሄደው ያልተመለሱት ልጆች እህትና ወንድሞቻቸው እዚሁ አካባቢ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከእኛ ሰፈር በቡታጅራ መንገድ ብትሄዱ የጥንት ሰዎች ቅሪት የሚቆፈርበትን መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዋሽ ዳር። አንድ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ በ1963 እ.ኤ.አ. ካየው በኋላ ፈረንሳዮች፣ ቀጥሎም ጣሊያኖች ከእኛ ሰዎች ጋር አሥርት ዓመታት ቆፍረውታል። በ2016 ዓ.ም. እዚያው አካባቢ ካለው ከባልጪት ጋር የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ጋርባ በሚባለው ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቶታል። ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ እዚያው ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ የተገኘው ዱካ ነው። ከ700,000 ዓመት በፊት አዋቂና ሕፃን ጭቃው ላይ ረግጠው አልፈዋል፤ ጉማሬውም፣ ሌላው እንስሳም እንዲሁ። ዱካ ደግሞ ኪስ ውስጥ አይገባም። ዋጋው በሙሉ እዚያው ቦታው ላይ ነው።

ሌላውም ቅርስ ከዱካው አይለይም፤ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ነው የምንሳሳተው። የድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመት የነገረን አጥንቷ አይደለም። በአፈሩ ንብርብር ውስጥ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ያጠራቀሙት አርጎን የሚባል ጋዝ ተለክቶ ዕድሜው ይታወቃል፤ አጥንቱ ከየትኛው ንብርብር በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደነበር ታይቶ ይሰላል። ያንን አጥንት አንድ ሰው አንስቶ ሳሎኑ ቢያስቀምጠው ኖሮ ዕድሜዋን ማን ይነግረን ነበር?

ባልጪት ብትሄዱ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ፣ ኦብሲዲያን፣ መሬቱን ሞልቶታል። የጥንት ሰዎች ለመሣሪያ የጠረቡት ፍልጥ ነው። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። ማንሳት ያምራል፤ አውቃለሁ። መጀመሪያ ባለበት ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ መጠኑን የሚያሳይ እስክሪብቶ አድርጉ። ስልካችሁ ጂፒኤስ አለው፤ ቦታውን መዝግቡ። ማስታወሻውን ማታ ሳትተኙ ጻፉ። ነገ እጽፋለሁ ያለ ሰው ጽፎ አላየሁም። ከዚያ እዚያው ተዉት። ማንሳት ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው።

ደግሞ እረኛ ጠይቁ። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል፤ የእኛ ሙያም ያለዚያ አይሆንም። ጎርፍ የትኛውን ገደል እንደናደው፣ ነጭ አጥንት የት እንደታየ፣ የትኛው ሜዳ ላይ የድሮ ጥይትና ፈንጂ እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። ዲግሪያችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ቁጭ በሉ፣ ሻይ ጠጡ፣ አድምጡ። ቁፋሮ ላይም እንደዚሁ ነው። ወንፊት የሚነፋው የአካባቢው ገበሬ ከእናንተ በፊት ፍልጡን ከተራ ድንጋይ ይለየዋል። ስሙን በማስታወሻችሁ ጻፉለት። ብዙ ሪፖርት አንብቤአለሁ፤ የእሱ ስም የለም። ይሄ ያናድደኛል።

ትዕግሥት የሌለው ሰው ይቸገራል። ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አፋር፣ ዲኪካ ላይ ሰላም የተባለችውን የጥንት ሕፃን አጥንት ያገኘው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። አጥንቷ በደረቀ አሸዋ ድንጋይ ተጣብቆ ስለነበር በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እያነሳ ዓመታት ፈጅቶበታል። ለዓለም የተነገረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ቲክቶክ ላይ ቢሆን ስንቱ ያልፈዋል!

እኛ ዳር ያለን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ሰበታም፣ ፉሪም፣ ዓለም ገናም መሬቱ በየቀኑ ይቆፈራል። አንድ ቦታ የመሠረት ጉድጓድ ውስጥ የሸክላ ስባሪ ከአመድ ጋር ወጣ ተብሎ ተደወለልን። ለመኪናችን ነዳጅ እስኪፈቀድ ገልባጩ አፈሩን ጭኖ ሄዷል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ብዙ ፎርማን ግን ሥራ ያስቆሙብኛል ብሎ ይፈራል። እናንተ ሰፈራችሁ ሲቆፈር ካያችሁ ቀስ ብላችሁ አስረዱት፤ በወረዳው ቅርስ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤትም የዚያኑ ዕለት ንገሩ።

መልካ ቁንጡሬን ለማየት ከጥቅምት በኋላ ሂዱ፤ ክረምት ላይ ጭቃው አያስኬድም። ባርኔጣና ውሃ ያዙ። ባልጪት ስትደርሱ ልጆች የድንጋይ ፍልጥ ሊሸጡላችሁ ይከቧችኋል። አትግዙ። ከየት እንዳነሱት ግን ጠይቋቸው፤ ወስደው ያሳዩአችኋል።