ከኦፋ በኋላ ማን ቀረ?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሒሳብ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን የያዘኝ የድሮ ሳንቲም ታሪክ ነው። ዛሬ ስለ አንዲት የወርቅ ሳንቲም ላጫውታችሁ፤ በተለይ ሰሞኑን ኃላፊ ሆናችሁ ወንበሩ ገና ያልሞቀላችሁን።

ሳንቲሟ ያለችው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። የኦፋ ናት። ኦፋ ከ757 እስከ 796 እ.ኤ.አ. መርሲያን ገዝቷል፤ የዛሬዋን እንግሊዝ መሀል አገር ማለት ነው። ያኔ አገሪቱን የአንግሎ ሳክሰን ነገሥታት ተከፋፍለው ይሻሟታል። ሠሪው የባግዳዱን የሙስሊሞች ገዥ የከሊፋ አል-መንሱርን ዲናር፣ ማለትም የወርቅ ሳንቲሙን፣ ከነዓረብኛው ገለበጠው። ባንዱ ገጽ «ከአላህ በቀር አምላክ የለም» ይላል። በሌላው ገጽ፣ በዓረብኛው መሀል፣ «ንጉሥ ኦፋ» ተብሎ በላቲን ፊደል ተጽፏል። ያውም ዓረብኛው ቀጥ ሲል የንጉሡ ስም ይዘቀዘቃል። ክርስቲያን ንጉሥ እኮ ነው! ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል።

ሰውየው ግን ቀላል አልነበረም። የፍራንኮች ንጉሥ ታላቁ ሻርለማኝ «ወንድሜ» እያለ ይጽፍለት ነበር። በዌልስ ወሰን ያለው ረጅም የአፈር ካብና ቦይ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ጭንቀቱ ልጁ ነበር። ኤጅፍሪዝን በ787፣ ራሱ በሕይወት እያለ፣ ቀብቶ አነገሠው። ለልጄ ያሰጋሉ ያላቸውን አንድ በአንድ አጠፋ። በ796 ኦፋ ሞተ። ልጁ 141 ቀን ነግሦ ተከተለው። ዙፋኑ ለሩቅ ዘመድ ሆነ። በዘመኑ የነበረው ሊቅ አልኩዊን፣ ያ ሁሉ ደም መንግሥቱን አፈረሰው እንጂ አላጸናውም ብሎ ጽፏል።

ሁሉን በኦፋ ማላከክ ግን ልክ አይደለም። ቀጥሎ የመጣው ኬንዉልፍ ብርቱ ነበር፤ መርሲያን እስከ 821 ይዟታል። ከሱ በኋላ ነው ዙፋኑ የሚረጋበት ሰው ያጣው። በ825 መርሲያ በደቡብ ጎረቤቷ በዌሴክስ ንጉሥ በኤግበርት ተሸነፈች፤ በ829 ራሷም ተያዘች።

እኔም በአቅሜ ኦፋ ነበርኩ። ክፍሌ ውስጥ አንድ ፈጣን ልጅ ነበር። ወንበሬን ያየብኝ መሰለኝ። የዓመት መዝጊያ ሒሳቡን አንድም ቀን አላስነካሁትም፤ በኋላም ሌላ ቅርንጫፍ አስዛወርኩት። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መዝጊያውን ለአንዱ ስጡትና ከጎኑ ቁጭ በሉ። ይሳሳት፣ ያርም። ፓስወርዱንም አትደብቁ።

ልጁን ካስዛወርኩት ዓመት ሳይሞላ ታምሜ ሆስፒታል ገባሁ። ሰኔ 30 ደረሰ። ፋይሉን የሚከፍት ጠፋ። ተፈልጎ የመጣው ያው ልጅ ነው። ብርቱካን ይዞ ገባ፤ ስለ ዝውውሩ አንድም ቃል አላነሳም።

«ጋሼ፣ ፓስወርዱን ይንገሩኝ» አለኝ።

የመድኃኒት ማዘዣዬ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁለቴ አስደገመኝ።