አፍ የሚያስይዝ መልስ ለጠየቅሽኝ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት አንድ ስክሪንሹት በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ "ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ አፉን የሚያስይዝ ነገር ስጠኝ" ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታቸው ያረጁትን የናፍጣ ሰርቪሶች በኤሌክትሪክ መኪና ሊቀይር ነው። በሠራተኞች ግሩፕ ላይ ክርክር ተነሣ። የጋራዡ ኃላፊ "የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው የፈረንጅ ወሬ ነው፤ ዕቃቸውን ሊያራግፉብን ነው" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ ተደረደረ። እሷ ደግሞ ቁጥር ፈለገች። ሰውዬውን የሚዘርር ቁጥር።

ቁጥሩ ሞልቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የልጅ ልጄን ከማጫወትና ስልኬ ላይ ከመከራከር ሌላ ሥራ የለኝም። ጽፌ ልልክላት ስል ግን እጄ እንቢ አለኝ። ያን የሳቅ ኢሞጂ የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ ታስታውሱት ይሆናል። የጊቤ 3 ግድብ ውሃው ወረደ። 1,870 ሜጋዋት የተባለለት ግድብ ውሃ ካጣ ምን ያድርግ? እኛ አገር ኤሌክትሪክ ማለት ውሃ ነው፣ ውሃ ማለት ክረምት ነው፣ ክረምቱ ሲሳሳ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቢሮ የተቀመጠ ፕሪንተር ዝም ይላል። በ2001ም እንዲሁ ሆኖብን ነበር፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ያኔ ሰፈራችን ፀጉር ቤት የነበራት ጎረቤቴ በየማለዳው "ኢንጂነር፣ ዛሬ የእኛ ቀን ነው?" ትለኝ ነበር፤ ማብሪያ ማጥፊያው እኔ ሳሎን ያለ ይመስል። ካስክ አድርጋ ያስቀመጠቻቸውን ሴቶች ፀጉራቸው እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ታወጣቸው ነበር፣ ምስኪን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ጄኔሬተር ነበረው። ጥበቃዎቹ "ቀበኛው" ይሉት ነበር። ሲነሣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ናፍጣ ይጠጣል። ፈረቃው ሲጀምር ቀበኛው ቀኑን ሙሉ መዋል ጀመረ።

እኔ ሐሳብ ነበረኝ። ኢንቨርተርና ባትሪ እንግዛ፣ ጣሪያው ላይም ጥቂት ሶላር እንስቀል። መብራት ሲኖር ባትሪው ይሞላል፣ ሲጠፋ ኮምፒውተሮቹ በእሱ ይሠራሉ፣ ቀበኛው ያርፋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዛሬም ክፉ ነበር አልልም። በሠራተኞች ግሩፕ ላይ ከነሥዕሉ፣ ከነስሌቱ ለጠፍኩት። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣውም ጻፍኩ።

አንዱ ወጣት ወዲያው ያዘኝ። "ኪሎ የማይሞላ ናፍጣ እንዴት ሁለት ኪሎ ከምናምን ጭስ ይወልዳል?" አለ። ደስ አለኝ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ካርቦን ሲቃጠል ከአየር ላይ ኦክስጅን ያነሣል። 12 የሚመዝነው 32 ተሸክሞ 44 ሆኖ ይወጣል። ይህንኑ ጻፍኩለት። ልጁ "ተማርኩ" አለ፣ ሌላው አጨበጨበ፣ አለቃችን ሳይቀር አውራ ጣት አስቀመጠልኝ። እኔን ያበላሸኝ ያ ጭብጨባ ይመስለኛል።

ከዚያ ከሂሳብ ክፍል አንዲት ባልደረባችን ጻፈች። ዝምተኛ ናት፤ ግሩፑ ላይ ከ"እንኳን አደረሳችሁ" በቀር ብዙ አትጽፍም።

"ኢንጂነር፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ባትሪው ስንት ዓመት ያገለግላል? ሲያልቅ በየትኛው በጀት እንተካዋለን? ዶላሩስ ከየት ይገኛል? የሻይ ክፍሉ ምድጃስ ተቆጥሯል?"

አራት ጥያቄ። አንዱም ስለ አየር ንብረት አይደለም። አራቱም የሥራ ጥያቄ ናቸው፤ አራቱንም መመለስ የእኔ ሥራ ነበር። ሦስቱን አላሰብኩባቸውም። አራተኛዋ ደግሞ አናደደችኝ። የዓለምን ሙቀት ይዤ መጥቼ ስለ ምድጃ እጠየቃለሁ?

እንዲህ ብዬ መለስኩላት፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። "በ2008ቱ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የዕርዳታ እህል ሲጠብቅ አንቺ ስለ ሻይ ምድጃ ትጠይቂኛለሽ? ምድርን እያቃጠሏት ያሉት እንዳንቺ በሳንቲም የሚያስቡ ሰዎች ናቸው።"

የሳቅ ኢሞጂው ዘነበ። አሥራ አራት ነበር። አዎ፣ ቆጥሬዋለሁ። ምድጃውን ያልቆጠርኩት ሰውዬ ኢሞጂ ቆጠርኩ።

እሷ "እሺ ኢንጂነር፣ ይቅርታ" ብላ ዝም አለች። ልብ በሉ፣ እሷ "እርስዎ" እያለች ጠየቀችኝ፣ እኔ በሰው ፊት "አንቺ" እያልኩ ዘለፍኳት። ይባስ ብሎ ሴትዮዋ የቆቦ ልጅ ናት። የ77ቱ ድርቅ ሲመጣ ልጅ ነበረች፤ አንድ ቀን ምሳ ላይ ጥቂት ነግራን ነበር፤ ጥቂት ብቻ፣ ከዚያ ወሬ ቀየረች። እኔ ደግሞ አራት ኪሎ ያደግኩ ሰው ነኝ። ድርቅን የማውቀው በሬዲዮ ነው። ለእሷ ስለ ድርቅ የማስተምራት እኔ ማነኝ? ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ጣቴን ሳስቀምጥ ከየት እንደመጣች ጠፋኝ። ያን ምሳ ከአንድ ትሪ ነበር የበላነው። ትሪው ላይ እንዲያ ብያት ቢሆን ኖሮ ጉርሻው አንቆ ይገድለኝ ነበር።

ባትሪው ተገዛ። 24 ነበር፣ የእርሳስ ባትሪ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሰው የሚሸከመው። መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ደረደርናቸው። የመጀመሪያው ወር ሠርግ ነበር። መብራት ሲጠፋ ማንም አይነሣም፤ አለቃችን እንግዳ ሲመጣ ዕቃ ቤቱን ያስጎበኝ ነበር።

ከዚያስ? እንዲህ ያለ ባትሪ በየቀኑ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ያረጃል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ይህን ተማሪ እያለሁ ነው የማውቀው። በስሌቴ ላይ ኮምፒውተርና መብራት ቆጥሬ ነበር። የሻይ ክፍሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ብቻውን 2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ያ ማለት የብዙ ላፕቶፕ ያህል ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይፈላበታል፣ ሻዩ አያቆምም። የሌዘር ፕሪንተሮቹም ሲሞቁ የሚስቡትን ትቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባትሪዎቹ ሆዳቸው አበጠ።

ለመተካት ሲኬድ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ነበር። ወረፋው አልደረሰንም። ቀበኛው ተመለሰ። 24ቱ የሞቱ ባትሪዎች ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ በሸራ ተሸፍነው ከዓመት በላይ ተቀመጡ። እርሳስና አሲድ ናቸው እንግዲህ። የጥበቃው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እዚያ ኳስ ይጫወት ነበር። የአካባቢ ተቆርቋሪ ማለት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ የማስወገጃ ቅጽ ተዘጋጀ። ከእሷ ጠረጴዛ ሳያልፍ አይፈረምም። ይዤላት ሄድኩ። አነበበች፣ ፈረመች፣ ማኅተሙን መታች። "ብዬ ነበር" ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። "ኢንጂነር፣ ቡና ይጠጣሉ?" አለችኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ሥራ አልነበረብኝም።

ሲስቁባት ግሩፕ ላይ ነበር፤ ይቅርታውም ግሩፕ ላይ መሆን ነበረበት። አልጻፍኩም። እሷም ከዚያ ወዲያ "እንኳን አደረሳችሁ"ም አልጻፈችም። አንድ የገባኝ ነገር፣ እሷ ዝም ካለች በኋላ ማንም ዋጋ የጠየቀ የለም። አዲስ ሰርቨር ሲመጣ፣ አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ፣ የዓመት ክፍያው በዶላር ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ሰው እንደ እሷ መሳቂያ መሆንን ፈራ። በ2016 ሐምሌ ብሩ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያን ጊዜ እኔ ወጥቻለሁ፤ የቀሩት ግን በዶላር የፈረሙትን ውል ይዘው ራሳቸውን ሲይዙ ሰማሁ።

አሁን ይህን ሰምታችሁ "ሽማግሌው ካደ" እንዳትሉኝ። ምድር እየሞቀች ነው። ሃዋይ ተራራ ላይ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ በ1958 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ከሚሊዮን 315 ገደማ ነበር ያነበበው፣ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። 2024 እ.ኤ.አ. እስካሁን ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነው። እኛ ከጭሱ ያዋጣነው ኢምንት ነው፣ ከዕዳው የደረሰን ግን ኢምንት አይደለም፤ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ አይተናል። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የኤሌክትሪክ መኪናውም ቢሆን፣ መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ ስለሚመጣ፣ ከሰል ከሚያቃጥል አገር ይልቅ እኛ ጋ ነው ትርጉም ያለው። ግን ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ባትሪው በሁለት ዓመት ሊሞት ይችላል። እውነቱ ባትሪውን አያድነውም።

እናንተ ልጆች ደግሞ፣ አትቀየሙኝና፣ ትቸኩላላችሁ። የሰው ጽሑፍ ሳትጨርሱ ትመልሳላችሁ። የባሰባችሁም ጥያቄውን ለኤአይ ወርውራችሁ መልሱን ሳታነቡት ትለጥፋላችሁ። በእኛ ጊዜ ሰው አንብቦ ነበር የሚከራከረው ልል ነበር፤ ግን እኔ ያኔ አራት አጭር ጥያቄ አንብቤ አልገባኝም፣ ስለዚህ ይቅር። ኢንተርኔት ላይ አትከራከሩ ልላችሁም ነበር። ትናንት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አንድ ፊቱን የማላውቀው ሰው ጋር ስለ ነፋስ ኃይል ስጨቃጨቅ ነው ያመሸሁት። ስለዚህ እሱም ይቅር።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ቁጥር ከመላኬ በፊት ከስክሪንሹቱ በላይ ያለውን ላኪልኝ አልኳት። "ምን ያደርግልሃል?" አለች። ላከችው።

የጋራዡ ኃላፊ መጀመሪያ የጻፈው ስለ ፈረንጅ አልነበረም። "ቻርጀሩ የት ነው የሚተከለው? ትራንስፎርመራችን ይችለዋል ወይ? መለዋወጫውን ማን ያመጣል?" ነበር ያለው። ከሥሩ አንዱ "ጋሼ፣ ፈረስ ይገዛልህ?" አለው። ሌላው ዳይኖሰር ለጠፈ። የእህቴ ልጅም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ ሳቀችበት። የፈረንጁ ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውዬው በሥራ ጥያቄው ሲሳቅበት ጊዜ ያገኘውን ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ። የእኔዋ ሴትዮ ድንጋይ አላነሣችም፤ ሰዉ ግን ሁሉ እንደ እሷ አይደለም።

የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ስልክ አለኝ። ልጇ ጋ ሄዳለች አሉ፣ ውጭ አገር። ሁለት ጊዜ "ጤና ይስጥልኝ" ብዬ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ስለ ምድጃ ምን ብዬ እጀምራለሁ?

ትናንት የእህቴ ልጅ ጻፈችልኝ። ሰውዬውን ጋራዡ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። ለካስ የትራንስፎርመሩን ሰሌዳ ከወር በፊት በስልኩ አንሥቶት ነበር፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ። ፎቶውን ላከችልኝ። 100 ኬቪኤ ይላል፣ የመሸከም አቅሙ ማለት ነው፤ ሰርቪሶቹ ስድስት ናቸው። ማታ ማታ ቀስ ብለው ከሞሉ ይችል ይሆናል፣ ሠራተኛው ቢሮ እያለ ግን እንጃ። ወረቀት አውጥቼ መደመር ጀመርኩና፣ ሻይ ክፍላችሁ ስንት ምድጃ እንዳለ ጠይቂልኝ ብዬ ላክሁላት። እስካሁን አልመለሰችም።